ጎሚኒ የሚጠብቀው መሬት ላይ ነው

አባቴ ሲነዳ ግማሽ ጆሮው ሁልጊዜ ከእግሩ ሥር ነበር። ከተሳፋሪ ጋር እየተጫወተ፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ ትራፊክ ፖሊስ የቆመበትን ጥግ በዓይኑ እየፈለገ ሳለ ድንገት ወሬውን ያቋርጥና “ሰማሽ?” ይለኛል። ምንም አልሰማሁም። “ከፊት፣ በቀኝ” ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ከዚያ ሆን ብሎ ጎማውን ከአስፋልቱ ወደ ኮረኮንቹ ያወጣዋል፤ ያኔ እኔም እሰማለሁ። ቀጭ። ቀጭ። ተሳፋሪው ግራ ተጋብቶ በመስኮት ያያል፣ አባቴ ደግሞ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ይመስል ራሱን ይነቀንቃል።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከእሱ ጋር በላዳዋ መዋል ልማዴ ነበር። እናቴ አትወደውም፤ “ሴት ልጅ ታክሲ ላይ ምን ትሠራለች” ትላለች። እሱ ግን ከጎኑ ያስቀምጠኛል። ከመኪና ድምፅ ሌላ ያወረሰኝ ብዙ ሀብት የለም፤ በዚህ ግን ሀብታም ነኝ። ኮረኮንች ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ያለማቋረጥ የሚንኳኳው የስታቢላይዘሩ ላስቲክ፣ ጎሚኒው ነው፤ ያሰለቻል እንጂ አይገድልም። መሪ ሲዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ዝም የሚለው ባለ ኳሱ መገጣጠሚያ፣ ቴስቲና ነው፤ እሱ ቀጠሮ አይቀበልም። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እያጉረመረመ የሚከተላችሁ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ምንም ድምፅ ሳይኖር መኪናዋ ጉድጓድ ካለፈች በኋላ ደጋግማ የምትወዛወዝ ከሆነ ደግሞ አሞርዛተሩ ሥራውን ለሞላው ትቶ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው።

የእኛ ላዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቆጣሪዋ አምስት አሃዝ ብቻ ነው ያለው፤ 99,999 ከደረሰ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከአባቴ በፊት ሁለት ባለቤቶች ነበሯት፤ አንደኛው “አንዴ ዞሯል” ሲል ሌላው “ኧረ ሁለቴ” ይል ነበር። አባቴ በቆጣሪው አያምንም፤ የሚያምነው በመሪው ነው። መሪውን በሁለት ጣት ይዞ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዘው ጎማው ሳይንቀሳቀስ ባዶውን የሚሄድበትን ርቀት ያይና “እግሯ ደክሟል” ይላል። ይህን ባለ በሳምንቱ ተክለሃይማኖት ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ እንሄዳለን።

ስለ ላዳ ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም የእግሯ ነገር ከትውልዷ ይጀምራል። አባትዋ ጣሊያናዊው ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር የተፈራረሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በቮልጋ ዳር፣ በጣሊያናዊው የኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ፋብሪካው ተተክሎ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በ1970 ወጡ። ነገር ግን ፊያቷ እንዳለች አልተወሰደችም። ለሙከራ የተላኩት የጣሊያን መኪናዎች የሩሲያን መንገድ አልቻሉትም፤ አካላቸው ተሰነጠቀ፣ የኋላ የዲስክ ፍሬናቸው ጭቃውን አልወደደም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከ800 በላይ ለውጥ አደረጉባት ይባላል፦ ብረቷ ወፈረ፣ የኋላ ፍሬኗ ታምቡር ሆነ፣ ከመሬት ከፍ አለች፣ ከጎማዎቿ በላይ ያለው ሁሉ እንደገና ተጠናከረ። በደርግ ዘመን ወደ እኛ ስትመጣና ሰማያዊና ነጭ ለብሳ አዲስ አበባን ስታጥለቀልቅ፣ በሌላ አገር ክረምት ተደብድባ የተፈተነች መኪና ነበረች። የእኛ ጉድጓድ አዲስ አልሆነባትም።

ጋራዡ የአንድ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ እኔ “ጋሼ” ነበር የምላቸው፣ አባቴም “ጋሼ” ይላቸው ነበር፤ ብዙ ባለ ላዳም እንዲሁ። ከጉልበታቸው በታች ጥቁር ግሪስ የማይለቀው ቱታ ይለብሳሉ፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ነጭ ፎጣ አለ። ፎጣው እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል እስከ ዛሬ አይገባኝም። መሬት ውስጥ የተቆፈረ የመሥሪያ ጉድጓድ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ትልቅ ክሪክና ግድግዳው ላይ በመጠናቸው የተደረደሩ ቁልፎች፤ ንብረታቸው ይኸው ነው።

ችግሩን ከባለቤቱ አፍ አይሰሙም። “አባቴ ‘ቴስቲና ነው’ ብሏል” ስላቸው “እሱ ሹፌር ነው፤ ሹፌር ድምፁን እንጂ ቦታውን አያውቅም” አሉኝ። መጀመሪያ የሚያዩት ጎማ ነው። በእጃቸው መዳፍ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ያሹታል። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ጎማው አዘንብሏል ማለት ነው፣ ከጎሚኒ ወይም ከቴስቲና ይመጣል። ጥርሱ ባንዱ በኩል የሚቧጥጥ፣ በሌላው የሚያዳልጥ ከሆነ ፊት ለፊት መመልከት ሲገባው ጎኑን እየተጎተተ ነው። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ያለ ከሆነ ጎማው መሬቱን እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ ጥፋቱም የአሞርዛተር ነው። ከዚያ በክሪክ ያነሷታል፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይገፉታል፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። ከላይና ከታች ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው አንድ ነገር ነው፣ ከጎን ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው ሌላ። በመጨረሻ ረጅም ብረት ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያይዘው ክንድ፣ በብራቾው ሥር አስገብተው ወደ ላይ ሲፈነቅሉ፣ ያለቀው ጎሚኒ ብረቱን ከብረት ጋር ሲያጋጨው እናያለን። መብራት የምይዘው እኔ ነበርኩ። “አንቺ ልጅ፣ መብራቱን እኔ ፊት ላይ ሳይሆን ሥራው ላይ” ይሉኛል።

በላዳ ፊት እግር ላይ አራት ቴስቲና አለ፤ በእያንዳንዱ ጎማ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። የመሪው ዘንጎች ደግሞ ሌሎች ስድስት መገጣጠሚያዎች አሏቸው። የላይና የታች ብራቾዎች በስምንት ጎሚኒዎች ላይ ይወዛወዛሉ። ከኋላ አክሱን የሚይዙት አምስት ዘንጎች በሁለቱም ጫፋቸው ጎሚኒ አላቸው፤ አሥር ይሆናል። አሞርዛተርና ስታቢላይዘር የያዙትን ሳንቆጥር ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይቆጥሩልኝና “እና አንዱን ቀይረው ‘ድምፁ አልጠፋም’ ይሉኛል!” ብለው ይስቃሉ። ከሁሉም የሚያስፈራቸው የታችኛው ቴስቲና ነበር። ሞላው የሚያርፈው በታችኛው ብራቾ ላይ ስለሆነ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። እሱ ከጉድጓዱ ሲወጣ ጎማው ወደ ውስጥ ታጥፎ መኪናዋ በብራቾዋ አስፋልቱን እያረሰች ትቆማለች። በልጅነቴ በየአደባባዩ ፊታቸው ተንበርክኮ የቆሙ ላዳዎችን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም።

ዕቃ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ነው። አባቴ ለዚህ ብሎ ዕቁብ ይጥላል፤ ዕጣው ሲደርሰው እናቴ ቁም ሳጥን ታስባለች፣ እሱ ቴስቲና። ከጠባቡ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ባሉት ሱቆች ውስጥ እስከ ጣሪያ የተከመረው ብረት የትኛው ከየትኛው መኪና እንደሆነ የሚያውቁት ሻጮቹ ብቻ ናቸው። ጋሼ አብረውን ከመጡ ሻጩ የሚያወጣው ዕቃ ሌላ ነው፤ ካልመጡ ሌላ። ካርቶኑን አያዩትም፤ “ካርቶን ማንም ያትማል” ይላሉ። ቴስቲናውን በእጃቸው ይመዝኑታል፣ ጭራውን በአውራ ጣታቸው ይገፉታል። አዲስ ቴስቲና በጣት ሲገፋ እምቢ ማለት አለበት፤ እንደልቡ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ሳይገጠም አርጅቷል። ከዚያ የላስቲክ ሽፋኑን ይጎትቱታል። የቴስቲና ዕድሜ ያለው በብረቱ ሳይሆን በዚያ ስስ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ እሱ ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ ውሃና አቧራ ይገባል፣ ኳሱ ራሱን ይፈጫል። አንድ ጊዜ “የሩሲያ ኦሪጅናል” ተብለን የገዛነው በክረምቱ መጨረሻ ላይ ተንኳኳ። ሻጩ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀን፤ አያውቀንም።

ከጋሼ የሰማሁት የዕጥረቱ ዘመን ታሪክ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ዕቃ በማይገኝበት ጊዜ ተቆርጦ የተጣለ የከባድ መኪና ጎማ ወርቅ ነበር። ከእሱ ክብ ክብ እየቆረጡ፣ መሃሉን በጋለ ብረት እየበሱ ጎሚኒ ይሠራሉ። የተሻለ ገንዘብ ያለው ቶርኖ ቤት ሄዶ ከናይለን ያስቀርጻል። ናይለኑ አያልቅም ነበር፤ ግን ስለማይለጠጥ የመንገዱን ምት እንዳለ ለብራቾው ያስተላልፋል፣ ብራቾው ይሰነጠቃል፣ ይበየዳል፣ በተበየደበት አጠገብ ደግሞ ይሰነጠቃል። አሞርዛተር ይፈታል፣ ይታጠባል፣ በሞተር ዘይት ይሞላል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ፣ ሲሞቅ ውሃ። “ሠራን አንበል፤ አዘገየን” ይሉ ነበር። ስለ ጥንት ጊዜ ብልሃት በኩራት የሚያወሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህ አነጋገራቸው ይመጣብኛል፤ እሳቸው አልኮሩበትም።

ሥራው ሲጀመር መኪናዋ ከፊት ራቁቷን ትቀራለች። ቴስቲናውን ከብራቾው የያዙት በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ሦስት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ አስቸጋሪው ጭራው ነው። ሾጣጣ ሆኖ በሾጣጣ ቀዳዳ ስለተቀረቀረ ዳዶው ቢፈታም አይወጣም። ጀማሪ ዳዶውን አውጥቶ ጭራውን ከታች በመዶሻ ይመታል፤ ጥርሱን ያበላሻል፣ እሱም አይወጣም። ጋሼ ዳዶውን ጫፉ ላይ በጥቂት ጥርስ ይተውታል፣ ከዚያ ጭራውን ሳይሆን ጭራው የገባበትን ብረት ከጎኑ ነው የሚመቱት። አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም አሥር፤ ከዚያ ድንገት ጧ ብሎ ይለቃል። ዳዶው ባይኖር ኖሮ ሞላው ሁሉንም ነገር አፈናጥሮ ፊታቸው ላይ ያመጣው ነበር። ሞላውን ራሱን ሲያወጡ በሰንሰለት ያስሩታል፣ ክሪኩን ከብራቾው ሥር አስደግፈው እየተነፈሱ ዝቅ ያደርጉታል፣ እኔን ደግሞ “ወደ በሩ” ብለው ያባርሩኛል። ሲሠሩ የማያወሩት በዚህ ሰዓት ብቻ ነው።

የታችኛው ብራቾ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ። ጎማው ስንት እንደሚያዘነብል፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ስንት እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሲፈቱ ይወድቃሉ፣ ወድቀው ይደባለቃሉ። ጋሼ የፊተኛውን ቡሎን ቅጠሎች በአንድ ሽቦ፣ የኋለኛውን በሌላ ሽቦ ሰክተው፣ የቀኙን በቀኝ፣ የግራውን በግራ ግድግዳ ላይ ይሰቅሏቸዋል። ሽቦ የማሰሩ ሥራ የእኔ ነበር። ያኔ የተሰማኝ ኩራት ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተንና ሳልፍ እንኳ አልተሰማኝም።

አሮጌው ጎሚኒ ከብራቾው የሚወጣው በእሳት ነው። ጭሱ ጥቁር፣ ሽታው የሚያቅር፤ የጎረቤት ሴቶች ልብስ አስጥተው ከሆነ ስድቡ ከአጥር ወዲያ ይመጣል፣ ጋሼም “ይቅርታ እናቴ፣ አሁን ያልቃል” ይላሉ፣ አያልቅም። የተቃጠለው ላስቲክ ከወጣ በኋላ የብረት ቀለበቱ ይጠረጋል፣ አዲሱ ጎሚኒ ሳሙና ተቀብቶ በሞርሳ እየተጠመዘዘ ቀስ ብሎ ይገባል። ዘይት ወይም ግሪስ ለምን እንደማይቀባ ጠይቄያቸው “ላስቲክ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ይበሰብሳል” ብለውኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ብራቾው ተመልሶ ተሰቀለ፣ ቴስቲናው ገባ፣ ጎማው ታሰረ። ቀኑ መሽቷል። ታክሲ የቆመችበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ስለሆነ አባቴ ከበሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ ናት። “ጋሼ፣ በሉ ቡሎኖቹን ያጥብቁልኝና ልሂድ” ይላቸዋል። ጋሼ የብራቾዎቹን ዋና ቡሎኖች በእጃቸው ብቻ አስይዘው ይተዋሉ። መኪናዋን ያወርዷታል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንከባልሏታል፣ ፓራፋንጎዋን እየተጫኑ ያወዛውዟታል፣ ከዚያ ጉድጓዱ ላይ ያቆሟታል። እኔን፣ አባቴንና ሁለቱን ረዳቶቻቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው በር ያዘጋሉ። ራሳቸው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ከእግራችን ሥር ቁልፉ ሲጮህ እንሰማለን። አባቴ መሪውን ይዞ የማንሄድበት ጉዞ ላይ ተቀምጦ ይነጫነጫል።

ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው፤ አንድ የተበላሸ ጎሚኒ ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው። ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ነገር አይደለም። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የውስጡን ቀለበት ቡሎኑ ከመኪናው አካል ጋር አንቆ ይይዘዋል፣ የውጩ ከብራቾው ጋር ይሄዳል። ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚሽከረከር የለም፣ ላስቲኩ ይጠመዘዛል እንጂ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ፣ ብራቾው ቁልቁል ወርዶ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ ላስቲኩ “ቦታዬ ይህ ነው” ብሎ ይይዛል። መኪናው ሲወርድና ክብደቱ ሲያርፍበት ብራቾው ወደ ላይ ይነሳል፤ ላስቲኩ ገና ሳይሄድ እንደተጨመቀ ልብስ ተጠማዟል። በቆመበት ተጠማዞ ያድራል፣ በየጉድጓዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠመዘዛል። ዓመታት የሚቆየው ጎሚኒ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ሰውየው ሱማሌ ተራ ሄዶ ሻጩን ይሰድባል። “ስንቱ ሻጭ በሜካኒክ ኃጢአት ተሰድቧል መሰለሽ” አሉኝ። ያ እኛን የማያውቀን ሻጭ ግን ከነሱ አንዱ አልነበረም፤ እሱ የሸጠልን ቴስቲና ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲባጎ ይመጣል። ያኔ የአላይመንት ማሽን የነበረው በጥቂት ትልልቅ ጋራዦች ነው፤ ጋሼ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረው፣ የፊቶቹ ጎማዎች ከፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ተቀራርበው እንዲቆሙ የመሪውን ዘንግ ያጠማዝዛሉ። አባቴ በማግስቱ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ለአፍታ ይለቀዋል። ወደየትም ካልሄደች “እግዜር ይስጣቸው” ይላል።

አንድ ጊዜ እግሯ ሙሉ በሙሉ ከተሠራ በኋላ ጎጃም ለሠርግ ተጠርተን በእሷው ሄድን። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መሬቱ ተንሸራታች ነው፣ የከባድ መኪናዎች ፍሬንም ሙቀት ያለሰለሰውን አስፋልት እየገፋ ሞገድ አድርጎታል። ዓይን የማያየውን ሞገድ መኪና ታየዋለች። አባቴ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በፊት ፍሬን ይይዝና ጎማው ሊገባ ሲል ይለቀዋል። ፍሬን ይዞ ጉድጓድ መግባት ማለት ፊቷ አስቀድሞ አጎንብሶ፣ ሞላው ተጨምቆ፣ ለምቱ ምንም ቦታ ሳይተርፍ መግባት ነው። ይህን ያስተማረው ማንም የለም፤ በወገቡ ነው የተማረው። ደጀን ስንወጣ ሻይ አዘዘና ጎማዎቹን በመዳፉ ሲያሽ አየሁት፤ ልክ እንደ ጋሼ።

ላዳዋ አሁን የለችም። ቢጫዎቹ ታክሲዎች መጡ፣ ቀጥሎ በስልክ የሚጠሩት መጡ፣ ባለ ላዳዎቹም በየተራ መኪናቸውን ለወጡ። አባቴም ለወጠ፣ ብዙም ሳይቆይ መንዳት ተወ። ጋሼ ጋራዡ የነበረበት ሰፈር በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ሞርሳዋን ይዘው እንደሄዱ ሰምቻለሁ። እኔ የምነዳው ቪትዝ ነው፤ ከጃፓን በዱባይ የመጣች፣ ቆጣሪዋ ስድስት አሃዝ ያለው፤ እሱንም አላምነውም።

ባለፈው ዓመት ቀጭ አለች። ከፊት፣ በግራ። ወደ ሰፈሬ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ ሜካኒክ ጎበዝ ነው፤ በስልኩ የዕቃውን ቁጥር አውጥቶ፣ ቴስቲናውም ጎሚኒውም የተገጠመበት ሙሉ ብራቾ አስመጣ። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ የጎረቤት ስድብ የለ። በአንድ ጊዜ ፈትቶ በአንድ ጊዜ ገጠመ። ከዚያ መኪናዋ በማንሻው ላይ እንደተንጠለጠለች የአየር ቁልፉን አነሳና ወደ ዋናው ቡሎን አስጠጋ።

“አንዴ ቆይ” አልኩት። “እሱን መሬት ስትወርድ አጥብቀው።”

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው፣ እህቴ።”

“አውቃለሁ። ሁልጊዜ ያልቃል።”

አለቃውን አየ። አለቃው ጸጉሩ የሸበተ ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሳ “ትክክል ናቸው፣ አውርዳት” አለው። ልጁ አወረዳት፣ አወዛወዛት፣ አስፋልቱ ላይ ካርቶን አንጥፎ ተንጋለለ፣ በእጅ ቁልፍ አጠበቀ። ሲነሳ ጀርባውን እያራገፈ “ማን አስተማረዎት?” አለኝ። ነገርኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት፤ ጎሚኒውን በእጄ እያሳየሁ። ቁም ነገር ነው ብሎ ሰማኝ፤ ሳይሰለች። እኔ በዚህ ዘመን ሜካኒክ ላይ የሚቀርበው ወቀሳ የሚያልቅልኝ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ እጅ አላጡም፤ ያጡት መብራት እየያዙ የሚቆሙበትን ጉድጓድ ነው። ዕቃው ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ሥራው ያጥራል፣ ሥራው ሲያጥር ደግሞ “ለምን” ብሎ የሚጠይቅ ረዳት ጊዜ አያገኝም።

ይህ ለላዳ ናፍቆት ብቻ የማወራው ነገር አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ወሰነ። አሁን በእጃችን ያለችው ቪትዝም ኮሮላም ለረጅም ጊዜ እጃችን ላይ ትቆያለች ማለት ነው። ኤሌክትሪክ የገዛም ቢሆን ካንዴላና የሞተር ዘይት ይረሳ ይሆናል እንጂ ጎሚኒን አይረሳም፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ እግሩ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከአቻው የቤንዚን መኪና ይበልጣል። የኮብልስቶኑ መንገድ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው።

ስለዚህ መኪናችሁን ለእግር ሥራ ስታስገቡ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ። አሞርዛተር የግራውን ቀይሩ ከተባላችሁ የቀኙንም አብራችሁ ቀይሩ። ቴስቲና በጣታችሁ ሲገፋ እምቢ ካላለ አትግዙት። የብራቾው ቡሎን ሊጠብቅ ሲል ጎማዎቹ መሬት መንካታቸውን እዩ፤ ካልነኩ አስቁሙት፣ ሜካኒኩ ቢቆጣም አስቁሙት። ከዚያ ቀጥታ አላይመንት ሂዱ።